የቲማቲም «መድኃኒት»

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ቦርከና ወንዝን ተከትለው የመስኖ ማሳዎች አሉ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጎመን። ባለፈው በጋ አንዱ ማሳ ዳር ቆሜ አንድ ወጣት ሲረጭ አየሁ። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። የተሸከመው መርጫ ያፈሳል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ ነው ያለው። መሃል ላይ የመርጫው ጫፍ ተደፈነበት። ቆም አለ፣ ነቀለው፣ አፉ ውስጥ ከትቶ እፍ አለበት። ተከፈተለት። መልሶ ገጠመውና መርጨቱን ቀጠለ።

«ኧረ ወንድሜ፣ መርዝ እኮ ነው!» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ፣ ለምዶኛል» አለኝ እየሳቀ። «ደግሞ መርዝ አይደለም፤ የቲማቲም መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት» የምትለዋ ቃል አብራኝ ዋለች። እውነቱን ነው፣ እኛ ዘንድ የሚረጭ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው። የአረም መድኃኒት፣ የትል መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። «ፀረ-ተባይ» የሚለውን ቃል ከቢሮና ከሬዲዮ ውጭ የሚጠቀምበት ሰው አላውቅም። ስም ደግሞ ሰውን ይመራል። መድኃኒት ያለውን ነገር ሰው አይፈራውም። አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። «ዛሬ ትንሽ ጠንከር ላድርገው» ብሎ በቆርቆሮ ክዳን ይጨምርበታል። አንዱ ካልሠራለት ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል። ዕቃው ሲያልቅ አጥቦ ዘይት ወይም ጋዝ ይገዛበታል። እኔ ግን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ መርዝ እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ የሚገባን ሥራውን ስናይ ነው።

አትክልት ላይ ከሚረጩት ብዙዎቹ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባል ቤተሰብ ናቸው። ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ፕሮፌኖፎስ፣ ክሎርፓይሪፎስ። ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቫቸውን ይዘው ነው። የሰው ነርቭም በዚያው መንገድ ይሠራል። መዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ ሲያዝ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ያንን ንጥረ ነገር ወዲያው የሚጠርግ ኢንዛይም አለ። መርዙ ይህን ጠራጊ ሥራ ያስፈታዋል። ያን ጊዜ ትእዛዙ መቆሚያ ያጣል። ላብ፣ ምራቅና እንባ ይጎርፋል። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። ያስመልሳል፣ ሆድ ያስቀምጣል። ጡንቻ በየቦታው ይርገበገባል። ሲብስ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል። የሚገድለውም እሱ ነው።

የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። እ.ኤ.አ. በ1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች በማይጨውና በአሸንጌ በኩል በሚያፈገፍገው ሠራዊታችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። አያቶቻችን «የመርዝ ጢስ» እያሉ ያወሩን የነበረው ያንን ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ጀርመናዊው ኬሚስት ጌርሃርድ ሽራደር ተባይ የሚገድል ኬሚካል ሲፈልግ ታቡን የተባለውን የነርቭ ጋዝ አገኘ። ዛሬ ማሳ ላይ የሚረጩት ኦርጋኖፎስፌቶች የታቡን የሥጋ ዘመዶች ናቸው። እርግጥ አቅማቸው እጅግ ያነሰ ነው። አሠራራቸው ግን አንድ ነው።

ብዙ ሰው በአንዴ አይወድቅም። ሲረጭ የዋለ ሰው ማታ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ዓይኑ ብዥ ይልበታል። ምን ይላል? «ምች መታኝ።» ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ቀለል ይለዋል። በሳምንቱ ደግሞ ይረጫል። ያ ጠራጊ ኢንዛይም ተሟልቶ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሳያገግም እየተደጋገመ የሚገባው መርዝ ይደራረባል። «ለምዶኛል» የሚለው ወጣት እንደ መሰለው አልለመደም። የራስ ምታቱን ነው የለመደው።

መርዙ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ብቻ እንዳይመስለን። የሚረጭ ሰው አብዛኛውን የሚቀበለው በቆዳው ነው። ላብ ያራሰው ጀርባ፣ አንገት፣ ብሽሽት ቶሎ ያሳልፋሉ። ስለዚህ የሚያፈስ መርጫ ከምንም በላይ አደገኛ ዕቃ ነው። ያ የራሰ ሸሚዝ ቤት ይገባል። ሚስት ወይም እናት በእጇ ታጥበዋለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከልጆች ልብስ ጋር። አባት ልብሱን ሳይለውጥ ሕፃን ያቅፋል። ይህ ሁሉ ማንም ሳያስበው የሚሆን ነው።

አንድ ሰው ሲረጭ ውሎ ምልክቱ ከታየበት ልብሱን አውልቁለት። ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት። አጣቢውም እጁን ይጠብቅ፣ ቢያንስ ፌስታል ይልበስ። ከዚያ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ወተት አያድነውም፣ ሰዓት ነው የሚያባክነው። አስገድዳችሁም አታስመልሱት። ለኦርጋኖፎስፌት አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ። መድኃኒት የሚለው ስም የሚገባው ለእሱ ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንን፣ ዳያዚኖንንና የአረም ማጥፊያውን ግላይፎሴት «ካንሰር ሊያስከትሉ የሚችሉበት ዕድል ሰፊ ነው» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ጤፍና ስንዴ ላይ የምንረጨውን ሌላውን የአረም ማጥፊያ ቱ ፎር ዲን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው «ሊያስከትል ይችላል» በሚለው ውስጥ አስቀምጦታል። በግላይፎሴት ላይ ሌሎች ተቆጣጣሪዎች አይስማሙም፤ ክርክሩ አሁንም አለ። ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄደው ጓንትና ጭምብል አድርጎ፣ ዝግ ትራክተር ውስጥ ተቀምጦ ስለሚረጭ ገበሬ ጭምር ነው። በነጠላ ጫማ ስለሚረጨው ልጅ ብዙ የሚያከራክር ነገር ያለ አይመስለኝም።

ዲዲቲን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቤታችን ለወባ ትንኝ ይረጭ ነበር። ፖል ሙለር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ብዙ ሰው ከወባና ከተስቦ ማትረፉ እውነት ነው። ክፋቱ አለመጥፋቱ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስብ ይወዳል፣ ስለዚህ እንስሳና ሰው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች በእናት ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ እንዳይውል ከልክሎታል። ቢሆንም በአገራችን ከተሰበሰበ ጫት ላይ የተገኘበት ጥናት አለ። ይህ ለወሎ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ቲማቲም ይታጠባል፣ ጎመን ይቀቀላል። ጫት ግን እንዲያው ከነቅጠሉ፣ ለሰዓታት ጉንጭ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ጠዋት የተረጨውና ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀርበው አንድ ቅጠል ሊሆን ይችላል። ሳይታጠብ መቃም የለበትም፣ ምንም ቢጣደፉ።

ገበሬው ለምን እንዲህ ይረጫል? ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ የማውቃቸው ገበሬዎች ለመርዝ የሚያወጡት ብር ከማንም በላይ የሚቆረቁረው እነሱን ነው። የቲማቲሙን ጉዳይ ብቻ እንይ። ቱታ አብሶሉታ የምትባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ትንሽ የእሳት ራት አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሏ የቅጠሉን ውስጥ እየቦረቦረች ትኖራለች። ከላይ የሚረጨው ቅጠሉን ያርሳል እንጂ እሷን አያገኛትም። ገበሬው ይረጫል፣ ትሉ አይሞትም። ይደግማል። የሚሞቱት ውጭ ያሉት ናቸው። ሸረሪቶች፣ የትል እንቁላል የሚበሉ ጥቃቅን ተርቦች፣ ንቦች። እነዚህ በነፃ ይሠሩለት የነበሩ ጠባቂዎች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ተባዩ ያለ ጠላት ይራባል። ከተባዮቹም ጥቂት ጠንካሮች ይተርፋሉ፣ የሚወልዱትም እንደ እነሱ ጠንካራ ነው። ዓመት በዓመት መጠኑ ይጨምራል። ባለ ሱቁ «አዲስ መጥቷል፣ ይሄኛው ይሻላል» ይላል። አንዴ ከገቡበት መውጫው የሚጨንቅ አዙሪት ነው።

በ2013 መግቢያ ላይ የመጣውን የበረሃ አንበጣ የማያስታውስ የለም። ማሽላው ሊሰበሰብ ሲል ሰማዩን ሸፍኖ መጣ። ሰዉ በጅራፍ፣ በቆርቆሮ፣ በጩኸት ታገለው። አውሮፕላንም ረጨ። መረጨት አልነበረበትም ለማለት አፌን አልሞላም፤ ማሳው በአንድ ቀን ይበላ ነበርና። ለአንበጣ የሚረጩት ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ግን ለንብ እጅግ የከፉ ናቸው። ንብ ስትሞት የሚጠፋው ማሩ ብቻ አይደለም። ኑጉ፣ ባቄላው፣ ዱባው፣ ፍራፍሬው ፍሬ የሚይዘው በእሷ ነው። ገበሬው ቢያንስ አስቀድሞ ቢነገረው ቀፎውን ይዘጋ ወይም ያርቅ ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚረጨው ነው። የሚዘራው ማዳበሪያስ? ሰኞ ገበያ ሄደን «አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ነው?» እንላለን። ማዳበሪያ የጆንያው ስም ሆኗል። በአገሩ ሁሉ እንዲህ የገባ ፋብሪካ ያመረተው ዕቃ ስንት አለ? ነገሩ የተጀመረው አየር ላይ ነው። ከአየሩ ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ የተባሉ ጀርመኖች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አሞኒያ አደረጉት። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከዚያ አሞኒያ ነው፤ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ ነው። እኛ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ፣ በጅቡቲ በኩል እናስገባዋለን።

ዩሪያ መሬት ላይ ሲወድቅ ሁሉም ወደ ሰብሉ አይሄድም። ዓለም ላይ ከሚጨመረው ናይትሮጅን ሰብል የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው። ሳይሸፈን በደረቅ መሬት ላይ ከተበተነ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይበንናል፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የገበሬው ብር ሲተን ነው። ቀሪው ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬትን አፈር አይዘውም፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጉድጓድና ወደ ወንዝ አብሮ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ50 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ሲያልፍ የሚጎዳው በተለይ በዚያ ውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠጣ ጨቅላ ሕፃን ነው። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ከናይትሬቱ የተወሰነው ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ይበረታል።

በናይትሮጅን ብቻ ለዓመታት የተገፋ መሬት አሲድ ይሆናል። የእኛ ቆላማ መሬት ላይ ይህ እንደ ጎጃምና እንደ ወለጋ አልከፋም፤ እዚያ ዝናቡ ራሱ አፈሩን ያጥበዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉን አሲዳማነት እንደሚያጠቃው ይነገራል። አሲዳማ መሬት ላይ የሚጨመረው ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ገበሬው የገዛውን አይበላም፣ ኖራ ካልጨመረበት በቀር።

ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ የሚሄደውም ከአፈር ጋር ነው። የእኛ ተራራ ደግሞ እናውቀዋለን። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ቀለሙን አይረሳውም፤ ቡና ይመስላል። ያ አፈር ቦርከና ይገባል። ቦርከና ከደሴ በላይ ተነስቶ፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን አልፎ፣ ጨፋን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። መንገዱ ላይ የከተማ ፍሳሽ ይጨመርበታል፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ሰው ስለ ቦርከና ሲያወራ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ፋብሪካዎቹ ነው፤ ልክ ነው፣ ይገባቸዋል። የፋብሪካው ቱቦ ግን ይታያል፣ ሄደህ ትቆምበታለህ። ከሺህ ማሳዎች የሚንጠባጠበው ቱቦ የለውም፣ አድራሻም የለውም። መልሶ ደግሞ ያው ውኃ በፓምፕ ተስቦ ቲማቲሙን ያጠጣል። ታች ጨፋ ላይ የአፋርና የኦሮሞ ከብቶች ይጠጡታል።

ሐይቅ ከተማ ዳር ያለው ሐይቃችን ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው። ማዳበሪያ ውኃ ውስጥም ማዳበሪያ ነው፤ አልጌና አረም ያፋፋል፣ አረሙ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጣና ላይ እምቦጭ እንዲያ የተስፋፋው ውኃው ውስጥ የሚበላው ነገር ስላገኘ ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ «ማዳበሪያ ይቅር» ልል አልችልም። ወሎ ሆኖ እንዲህ ማለት ከባድ ነው። የ66ንና የ77ን ረሃብ ያዩ ሰዎች አሁንም በየቤታችን አሉ። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ ሲወጣ ጩኸቱ የእንጀራ ነበር። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከለከለች። የሩዝ ምርቷ ወደቀ፣ በወራት ውስጥ ክልከላውን ላላች። ደግሞ በሄክታር ሲሰላ እኛ የምንጨምረው ከአውሮፓና ከቻይና በብዙ ያነሰ ነው። እኛን የሚጎዳን አያያዙ ነው። ጥቂት ኬሚካል፣ ብዙ ንክኪ።

መፍትሔው የሚጀምረውም ከዚያ ይመስለኛል። ዩሪያን እርጥብ መሬት ላይ፣ ከፋፍሎ፣ አፈር አልብሶ መጨመር ብቻ ብዙ ያድናል። ኩበቱ ምድጃ ባይገባ ማሳ ይገባ ነበር፤ ይህ ግን የማገዶ ጥያቄ ነው፣ ገበሬውን ብቻ መውቀስ አይሆንም። ከጤፍ በኋላ ሽምብራ ወይም ምስር የዘሩ አባቶቻችን ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ የጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች የሃበርንና የቦሽን ሥራ ያለ እሳት ይሠሩላቸው ነበር። ለቱታ ወንዱን የእሳት ራት በጠረን የሚስብ ወጥመድ አለ። ቲማቲምን ከድንች ወይም ከቲማቲም በኋላ አለመትከልም ይረዳል፣ ተባዩ ድንችንም ይበላልና። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገበያ ላይ ግን በትንሽ ብልቃጥ እየተቀነሰ፣ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ አይቻለሁ። ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ ሲታመሙም ለሐኪም የሚነግረው ነገር የለም። እባካችሁ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

ጽሑፍ ያለው ዕቃ ላይ ደግሞ ከሥሩ በኩል ባለ ቀለም መስመር ፈልጉ። ቀይ ከሆነ እጅግ አደገኛ ነው። ቢጫ ከእሱ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያነበዋል። ከዚያ የቀን ቁጥር ፈልጉ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም ይናገራል። መርዙ የሚሰባበርበት ጊዜ ነው። ማጠብ ላይ ላዩን ያነሳል፤ ፍሬው ውስጥ የገባውን ግን ውኃ አያወጣውም። የሚያወጣው ያ ቀን ብቻ ነው።

ያን ወጣት ከመለየቴ በፊት ዕቃውን አሳየኝ አልኩት። ከቦዩ ዳር አንስቶ አመጣው። መስመሩ ቢጫ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ደቃቃ። ፀሐይ ላይ ገልብጠን አብረን ፈለግነው። «7 ቀን ይላል» አልኩት።

ዝም አለ። «ነገ ነው እኮ የምንለቅመው ጋሼ» አለኝ።

ሣጥኖቹ ከግራሩ ሥር ተደርድረዋል። የደሴው አይሱዙ ንጋት ላይ ይመጣል።